ድምፁ ለምን ይቆራረጣል? በኮምፒውተራችን ውስጥ ስላለው የድምፅ ባፈር

ኮምፒውተር ሀንግ ሲያደርግ አይታችሁ ብቻ ሳይሆን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ስክሪኑ ድርቅ ይላል። ማውሱ አይንቀሳቀስም። ዘፈኑ ግን አይቆምም። የመጨረሻዋን ቁራጭ ይዞ «ራ-ራ-ራ-ራ» ማለቱን ይቀጥላል፤ አንዱ መጥቶ ማጥፊያውን ተጭኖ እስኪይዘው ድረስ። ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻ ለምን ይቀጥላል?

ሌላም ጥያቄ አለ። ዘፈን ከፍታችሁ ሥራችሁን ትሠራላችሁ። አንድ ከባድ ፋይል ስትከፍቱ ድምፁ «ጠቅ፣ ጠቅ» ብሎ ይቆራረጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይስተካከላል። ብዙ ሰው «ስፒከሩ አለቀለት» ብሎ ጥገና ቤት ይሮጣል። እኔም ምንም ያልሆነ ስፒከር አስፈትቼ አውቃለሁ። ገንዘቤን ከፍዬ ወደ ቤት ስመለስ ድምፁ ያው እንደ በፊቱ ይቆራረጥ ነበር።

የሁለቱም ጥያቄዎች መልስ ያለው አንድ ቦታ ነው። እሱም የድምፅ ባፈር ይባላል።

ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

ቁጥር ይሆናል። ማይክ የአየሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ሳውንድ ካርዱ ያንን ኤሌክትሪክ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ ቁጥር ይጽፋል። እያንዳንዱ ልኬት ሳምፕል ይባላል። ሲዲ ላይ በሰከንድ 44,100 ልኬት አለ። በቪዲዮና በአብዛኞቹ የዛሬ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ 48,000 ነው። ግራና ቀኝ ስላለ በአንድ ቅጽበት ሁለት ቁጥሮች ይኖራሉ፤ ጥንዱ ፍሬም ይባላል።

ሲጫወት ነገሩ ይገለበጣል። ቁጥሮቹ በተራቸው ወደ ሳውንድ ካርዱ ይሄዳሉ፣ ኤሌክትሪክ ይሆናሉ፣ ስፒከሩን ያንቀጠቅጣሉ። በተለመደው የ16 ቢት ጥራት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር ሁለት ባይት ሲይዝ፣ ይህ በ48,000 ስሌት በሰከንድ 192,000 ባይት ነው። ለዛሬ ኮምፒውተር ኢምንት ነው። በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ሰዓቱ ላይ ነው። በ48,000 ስሌት በየ20.8 ማይክሮሰከንዱ አንድ ፍሬም መድረስ አለበት። ፎቶው ለመከፈት ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ ማንም ልብ አይለውም። ድምፅ ግን ለአንድ ሺኛ ሰከንድ ብቻ ቢቋረጥ ጆሮ ወዲያው ያውቃል። ድምፅ ከኮምፒውተሩ የሚፈልገው ጉልበት ሳይሆን ቀጠሮ ማክበር ነው። በጣም ፈጣን የሆነ ኮምፒውተር እንኳ በአንድ ቀጠሮ ካረፈደ ድምፁ ይቆረጣል።

ባፈር ለምን አስፈለገ?

አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ሮቶ ምን እንደሚያደርግለት ያውቃል። የመንገዱ ውሃ ሲመጣ ይመጣል፣ ሲጠፋ ይጠፋል። የቤቱ ቧንቧ ግን በተከፈተ ቁጥር መፍሰስ አለበት። ሮቶው በሁለቱ መካከል ቆሞ የመንገዱን ውሃ አመል ከቤቱ ይደብቃል።

ኮምፒውተሩም እንዲሁ ነው። ፕሮሰሰሩ ብሮውዘሩን ያገለግላል፣ ዋይፋዩን ያዳምጣል፣ ፋይል ይጽፋል፣ ዝማኔ ያወርዳል። ወደ ድምፁ የሚመጣው ተራው ሲደርስ ነው። አንዳንዴ ቶሎ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይዘገያል። ሳውንድ ካርዱ ግን አይጠብቅም። ስለዚህ በመሃላቸው ትንሽ የሜሞሪ ቦታ ይቀመጣል። ፕሮሰሰሩ በመጣ ጊዜ ብዙ ፍሬም በአንዴ ሞልቶ ይሄዳል፤ ሳውንድ ካርዱ በራሱ ፍጥነት ከዚያ ይቀዳል። ባፈር ማለት ይህ ማጠራቀሚያ ነው።

ዩቲዩብ ላይ «ባፈር እያደረገ ነው» የምንለው ይህንን ነው?

ሐሳቡ አንድ ነው፣ ቦታው ግን ይለያል። ያ ባፈር ከኔትዎርክ የሚመጣውን ያጠራቅማል። ሲያልቅበት ቪዲዮው ይቆማል፣ ክቧ ትሽከረከራለች፣ እናንተ ትጠብቃላችሁ። እዚህ የምናወራው ግን ከስፒከሩ በፊት ስላለው የመጨረሻው ባፈር ነው። እሱ ሲያልቅ «ቆይ» የሚባል ነገር የለም። ሳውንድ ካርዱ የራሱ ሰዓት አለው፤ በዚያ ሰዓት ያገኘውን ይወስዳል።

ባፈሩ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

ሲኒዎች በክብ ተደርድረዋል እንበል። አንዷ ጀበና ይዛ በየተራ እየቀዳች ትዞራለች። አንዱ ደግሞ ከኋላዋ እየተከተለ በየተራ ያነሳል። የመጨረሻው ሲኒ ላይ ሲደርሱ እንደገና ከመጀመሪያው ይቀጥላሉ። ይህ አሠራር ሪንግ ባፈር ይባላል፤ የድምፅ ድራይቨሮች (ምንነታቸውን ወደ ታች እናያለን) የሚሠሩት በዚህ ነው። ቀጂዋ ፕሮግራሙ ናት። ጠጪው ሳውንድ ካርዱ ነው።

ሁለት ሕጎች አሉ። ቀጂዋ ያልተጠጣ ሲኒ ላይ ደርባ መቅዳት የለባትም። ጠጪው ደግሞ ቀጂዋን መቅደም የለበትም። ጠጪው ግን ይህን ሁለተኛ ሕግ አያውቅም። አንገቱን ቀና አድርጎ «ቀድታልኛለች?» ብሎ አያይም፤ ተራው የደረሰውን ሲኒ ያነሳል። ስለዚህ መጠንቀቅ ያለባት ቀጂዋ ብቻ ናት።

አባቶች «ምሳሌ ዘየሐጽጽ» ይላሉ፤ ምሳሌ ከእውነቱ ያንሳል ለማለት ነው። እዚህም የሚያንስበት ቦታ አለ። ቡና ሲጠጣ ሲኒው ባዶ ይሆናል። ሜሞሪ ግን ሲነበብ አይጠፋም። የተነበበው ፍሬም አዲስ እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ሀንግ ያደረገው ኮምፒውተር ምስጢር ይኸው ነው። ፕሮሰሰሩ ቆሟል፣ አዲስ የሚቀዳ የለም። ሳውንድ ካርዱ ግን ማንም ስላላስቆመው መዞሩን ይቀጥላል። በየዙሩ ያንኑ አሮጌ ድምፅ ያገኛል። «ራ-ራ-ራ» የሚለው አንድ ሙሉ የባፈር ዙር ነው። በሰከንድ አምስት ጊዜ ከደጋገመ የባፈሩ ርዝመት 200 ሚሊሰከንድ ነው ማለት ነው፤ በጆሯችሁ ለካችሁት።

ድራይቨሩ የት ገባ?

ድራይቨር ማለት ኦፕሬቲንግ ሲስተሙንና ዕቃውን የሚያግባባ ፕሮግራም ነው። እያንዳንዱን ቁጥር ተሸክሞ ወደ ስፒከሩ የሚያደርስ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እንደዚያ አይደለም። ተሸካሚው ዲኤምኤ የሚባል መንገድ ነው፤ ዕቃው ፕሮሰሰሩን ሳያስቸግር በቀጥታ ከሜሞሪ ያነባል። ድራይቨሩ መጀመሪያ ላይ ውሉን ያዋውላል። «ባፈሩ ከዚህ አድራሻ ይጀምራል። ርዝመቱ ይህን ያህል ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ወደ መጀመሪያው ተመለስ። ይህን ያህል ፍሬም ባነበብክ ቁጥር ደወል ደውል።»

ደወሉ ኢንተራፕት ይባላል። በሁለት ደወሎች መካከል ያለው ቁራጭ ደግሞ ፔሬድ ነው። ልክ እንደ ትምህርት ቤት ነው፤ ደወል ሲደወል አንድ ፔሬድ አለቀ። ፕሮሰሰሩ ሌላ ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ ባዶ የሆነውን ቁራጭ ይሞላል፣ ይመለሳል። ባፈሩ ቢያንስ ሁለት ፔሬድ ይኖረዋል። አንዱ ሲጫወት ሌላው ይሞላል።

ይህ አሠራር ቀስ በቀስ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የመጀመሪያው ሳውንድ ብላስተር ካርድ በክብ መዞር አያውቅም ነበር። አንዱን ቁራጭ ይጨርሳል፣ ይቆማል፣ ቀጣዩን ይጠብቃል። በዚያች ክፍተት «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። በኋላ የመጡት ሞዴሎች ሳይቆሙ መዞር ሲችሉ ክፍተቱ ጠፋ።

ዛሬ ሊኑክስ በሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይህንን ሥራ የሚያስተዳድረው አልሳ የሚባለው ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው የ2.6 ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ጀምሮ ዋናው የድምፅ ሥርዓት እሱ ሆኗል። የአብዛኞቹ አንድሮይድ ስልኮች የድምፅ ድራይቨርም በእሱ ላይ የተሠራ ነው። አልሳ ከድራይቨር ጸሐፊው የሚጠብቃቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። ለመጫወት አዘጋጅ፣ ጀምር ወይም አቁም፣ አሁን የት እንደደረስክ ንገረኝ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ፖይንተር ትባላለች። ቀላል ትመስላለች። እኔ ግን የሥራው ዋና ፈተና እሷ ናት እላለሁ።

«የት ደረስክ?» ምን ይከብዳል?

ወደ ሲኒዎቹ እንመለስ። ቀጂዋና ጠጪው አንድ ሲኒ ላይ ቆመው አገኘናቸው። ሲኒዎቹ ሁሉ ሞልተዋል ወይስ ሁሉም ተጠጥተዋል? ቦታቸውን ብቻ አይቶ መለየት አይቻልም። ቀጂዋ አንድ ሙሉ ዙር ቀድማ ሊሆን ይችላል፤ ጠጪው ደርሶባትም ሊሆን ይችላል። አንደኛው ሰላም ነው፣ ሌላው አደጋ።

አልሳ ይህን የሚፈታው የሲኒውን ቁጥር ሳይሆን ከመጀመሪያው አንስቶ የተቀዳውንና የተጠጣውን ጠቅላላ ቁጥር በመያዝ ነው። 1,000 ተቀድቶ 992 ከተጠጣ ስምንት ሙሉ ሲኒ አለ። 1,000 ተቀድቶ 1,000 ከተጠጣ ምንም የለም። ልዩነቱ ሁሌም እውነቱን ይናገራል።

ግን ድራይቨሩ የሚመልሰው ቁጥር ስህተት ከሆነስ? ይህ የምር ያጋጥማል። አንዳንድ ቺፖች ከሜሞሪ ያነበቡትን ገና ሳያጫውቱ በሆዳቸው ይዘው ያቆያሉ፤ «አንብቤያለሁ» ማለትና «ተሰምቷል» ማለት ይለያያል። አንዳንዶቹ ደግሞ ደወሉን ከደወሉ በኋላ የቦታ ቁጥራቸውን የሚያስተካክሉት ትንሽ ዘግይተው ነው። በብዙ ላፕቶፖች ላይ ያለው የኢንቴል ኤችዲ ኦዲዮ ድራይቨር በሊኑክስ ውስጥ «ፖዚሽን ፊክስ» የምትባል ማስተካከያ አለችው። የተጨመረችውም የተለያዩ ቺፖች ቦታቸውን በተለያየ መንገድ ስለሚናገሩ ነው። ድራይቨሩ በጥቂት ፍሬም ቢሳሳት ቀጂዋ የተሳሳተ ሲኒ ላይ ትቀዳለች። እናንተ የምትሰሙት ግን ያው «ጠቅ» ነው።

ባፈሩ ሲያልቅስ?

ይህ አንደርረን ይባላል። ሮቶው ባዶ ሆኖ ገላችሁን በሳሙና እንደሞላችሁ ውሃው ቀጥ ማለቱ ነው። በማይክ ድምፅ ስንቀዳ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። ማይኩ ይሞላል፣ ፕሮግራሙ ያነሳል። ፕሮግራሙ ከዘገየ ባፈሩ ሞልቶ ይፈሳል፤ ይህ ኦቨርረን ነው። በሊኑክስ ሰዎች ዘንድ ሁለቱም በአንድ ስም ኤክስረን ይባላሉ። በአልሳ አሠራር በተለመደው ሁኔታ ድምፁ ይቆምና ፕሮግራሙ የስህተት መልእክት ይደርሰዋል። መልእክቱ ከእንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲተረጎም «ቧንቧው ተሰብሯል» የሚል ነው። ፕሮግራሙ እንደገና አዘጋጅቶ ማስጀመር አለበት።

ታዲያ ለምን ትልቅ ባፈር አድርገን አንገላገልም?

ታናሽ ወንድሜ ኪቦርድ ይጫወታል። አንድ ቀን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝተን ልንቀዳ ተቀመጥን። ቁልፉን ሲነካ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ሁለት ሦስቴ ሞከረና እጁን አነሳ። «ጣቴና ድምፁ ተጣሉብኝ» አለኝ። ሴቲንጉን ሳየው ፔሬዱ 1,024 ፍሬም ነበር፤ ባፈሩ ሁለት ፔሬድ።

ስሌቱ ቀላል ነው። 1,024ን ለ48,000 ስናካፍል 21 ሚሊሰከንድ ያህል ይመጣል። ሁለት ፔሬድ ሲሆን 43 ይጠጋል። አሁን የተቀዳው ሲኒ ከፊቱ ያሉት ሁሉ ተጠጥተው እስኪያልቁ መጠበቅ አለበት። ይህ መዘግየት ላተንሲ ይባላል። ትልቅ ባፈር ከመቆራረጥ ያድናል፣ ዋጋውን ግን በመዘግየት ያስከፍላል።

43 ሚሊሰከንድ ስንት ነው? ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ 10 ሚሊሰከንድ ማለት ከስፒከሩ 3.4 ሜትር ርቆ እንደመቆም ነው። ወንድሜ ኪቦርዱ ፊቱ ተቀምጦ ድምፁን ከ15 ሜትር ርቀት እየሰማ ነበር። እንዲህ ሆኖ ምት መጠበቅ ይከብዳል።

ወደ 128 ዝቅ አደረግነው። ሁለት ፔሬድ 5.3 ሚሊሰከንድ ብቻ ሆነ። ፊቱ ፈካ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ብሮውዘሩ ክፍት ስለነበር ድምፁ ይቆራረጥ ጀመር። ፕሮሰሰሩ በየ2.7 ሚሊሰከንዱ ካልተመለሰ ቧንቧው ይሰበራል። በመጨረሻ 256 ላይ ተስማማን፤ መዘግየቱ 11 ሚሊሰከንድ አካባቢ ሆነ።

ትክክለኛው መጠን ስንት እንደሆነ የሚወስነው ሥራው ነው። ዘፈን ብቻ ለምታዳምጡ 43 ሚሊሰከንድ ምንም ማለት አይደለም። ሁለት ሰከንድ ቢሆንም ግድ የላችሁም፤ እንዲያውም ፕሮሰሰሩ ረዘም አድርጎ ስለሚተኛ ባትሪ ይቆጥባል። ፊልም ላይም ማጫወቻው መዘግየቱን ጠይቆ ምስሉን በዚያው ልክ ያዘገየዋል፤ ከንፈርና ቃል ይገጥማሉ። ስልክ ላይ ግን ሰው መልስ ይጠብቃል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ምክር ከአንዱ አፍ እስከ ሌላው ጆሮ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ የሚል ነው። ዱባይ ካለች እህታችሁ ጋር ስታወሩ «ቀጥይ... አይ አንተ ቀጥል» መባባል ሲበዛ መዘግየቱ ከዚህ አልፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የኔትዎርኩ ቢሆንም የሁለታችሁም ስልኮች ባፈር ተጨምሮበታል። የብሉቱዝ ኢርፎንም በሬዲዮ የሚመጣለት ድምፅ ወጥ ስላልሆነ የራሱን ባፈር ይይዛል። ለዚህ ነው በብሉቱዝ ኪቦርድ መጫወት የማይመቸው።

ሁለቱንም ለማግኘት የሚደረግ ብልሃትም አለ። ፐልስኦዲዮ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም ትልቅ ባፈር ይሞላና፣ በመሃል የመልእክት ድምፅ ቢመጣ ወይም ድምፁን ብትቀንሱ ወደ ኋላ ተመልሶ ገና ያልተጠጡትን ሲኒዎች ደፍቶ በአዲስ ይቀዳል። በብዙ ሲስተሞች ላይ ቦታውን የወሰደው ፓይፕዋየር ደግሞ በሌላ መንገድ ይሄዳል። ክፍት ካሉት ፕሮግራሞች መካከል በጣም የሚቸኩለውን አይቶ የሁሉንም ቁራጭ መጠን በእሱ ልክ ያስተካክላል።

ሁለት ዕቃ ስናገናኝ የሚመጣው ጣጣ

ይህኛው ብዙ ሰው ያደናግራል። በዩኤስቢ ማይክ እየቀዳችሁ በላፕቶፑ ስፒከር ታዳምጣላችሁ። ሁለቱም 48,000 ይላሉ። ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ክሪስታል፣ ማለትም የራሳቸው ሰዓት አላቸው። የሁለት ሰው የእጅ ሰዓት አንድ ቀን አብሮ ቢሞላም ከወር በኋላ እንደሚለያየው፣ እነሱም ይለያያሉ። ልዩነታቸው ከሚሊዮን 50 ብቻ ቢሆን በአንድ ሰዓት ውስጥ 8,640 ፍሬም ይሆናል፤ 0.18 ሰከንድ ማለት ነው። 1,024 ፍሬም የያዘ ባፈር ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ይሞላል ወይም ይደርቃል። «ለአሥር ደቂቃ ጥሩ ይሠራና በድንገት ጠቅ ይላል» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንን ነው። መፍትሔው የአንዱን ድምፅ በጥቂቱ እየሳቡ ወይም እየጨመቁ ከሌላው ሰዓት ጋር ማስማማት ነው። ደህና ፕሮግራም ይህን በራሱ ይሠራል። ካልሠራ ግን መቅጃውንም ማዳመጫውንም በአንድ ዕቃ ላይ ማድረግ ይሻላል።

የእኔ ላፕቶፕ ሲቆራረጥስ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ መቼ እንደሚቆራረጥ አስተውሉ። ሁልጊዜ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ የሚንጫጫ ከሆነ ስፒከሩ ወይም ኬብሉ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሥራ ሲበዛ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ ባፈር ነው፤ ስፒከሩን አታስፈቱት። በምትጠቀሙት ፕሮግራም ሴቲንግ ውስጥ የባፈሩን መጠን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ። ቻርጀሩን ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ባትሪ ቆጣቢ ሲበራ ፕሮሰሰሩ ከእንቅልፉ ለመንቃት ይዘገያል። ዋይፋዩን ለትንሽ ጊዜ አጥፍታችሁ አዳምጡ፤ የዋይፋይ ድራይቨር ፕሮሰሰሩን ይዞ የሚያቆይበት ጊዜ አለ። ፓይፕዋየር ያለው ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ ፒደብሊው-ቶፕ (pw-top) የሚለውን ትእዛዝ ክፈቱ፤ ኤክስረኖቹን እየቆጠረ ያሳያችኋል።

እኔና ወንድሜ ያን ቀን ብሮውዘሩን ዘጋን፣ ቻርጀሩን ሰካን፣ ዋይፋዩን አጠፋን። ቆጣሪውን በአንድ ጥግ ከፍተን አስቀመጥነው። እሱ አርባ ደቂቃ ያህል ተጫወተ። ቁጥሩ ከዜሮ ንቅንቅ አላለም።